የመጀመሪያው የነርስነት ሥራ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ደሞዙን በሰዓት አካፍሉት

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት የቅጥር ደብዳቤዎች ጎን ለጎን]

ሰላም ለእናንተ። ተመረቃችሁ፣ የሙያ ፈቃዳችሁን ያዛችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! አሁን ሁለት ቦታ ተቀባይነት አገኛችሁ እንበል። አንደኛው በወር 1,000 ይከፍላል፣ ሁለተኛው 1,200። የገንዘቡን ዓይነት እናንተ ሙሉት፣ ሒሳቡ አይለወጥም። ቤተሰብም ጓደኛም የሚላችሁ የታወቀ ነው፤ «ምን ታስባላችሁ፣ ብዙ የሚከፍለውን ነዋ!»

እስቲ ከመፈረማችሁ በፊት አብረን እናስላው።

[ስክሪን ላይ፦ 1,000 ÷ 160 እና 1,200 ÷ 200]

የመጀመሪያው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 20 ቀን ነው። 160 ሰዓት። ተረኞች ታካሚዎቻቸውን የሚያስረክቡበት ርክክብም እዚያው ውስጥ ነው። ሁለተኛው የ12 ሰዓት ፈረቃ ነው፣ በወር 16 ጊዜ። ይሄ 192 ሰዓት ይሆናል። ግን ተረኛ ሲቀያየር ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ርክክብ አለ፣ እሱ ደግሞ አይከፈልበትም። በወር ሌላ 8 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ድምሩ 200። አሁን አካፍሉት። 1,000 የሚከፍለው በሰዓት 6.25 ይሰጣችኋል። 1,200 የሚከፍለው 6። ብዙ የመሰለው ደሞዝ አነሰ።

ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ግን ሳታካፍሉ አትወስኑ።

ሌላም ጠይቁ። የተነገራችሁ መነሻ ደሞዝ ነው ወይስ የማታ አበል፣ የበዓልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተደምሮበት? አበል በሥራው ላይ ስትሆኑ የሚመጣ ገንዘብ ነው። የቀን ፈረቃ ሲደርሳችሁ ወይም ስትታመሙ ሊቀር ይችላል። ጡረታም ብዙ ቦታ የሚሰላው በመነሻ ደሞዝ ነው። ማስታወቂያው ላይ «እስከ» የምትል ቃል ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ከ«እስከ» ቀጥሎ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት የሠራ ሰው የሚያገኘው ነው። ጀማሪ ስንት እንደሚያገኝ ለይታችሁ ጠይቁ። ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነርስነት የርኅራኄ ሙያ ስለሆነ ደሞዝ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ሥራው ላይ የለም የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። የቤት ኪራይ በርኅራኄ አይከፈልም።

አሁን ለእኔ ከደሞዙም በላይ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

[ስክሪን ላይ፦ የሌሊት ዋርድ፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 8]

ሌሊት ነው። ትናንት ከሰዓት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ታካሚ አለች። ከአንድ ሰዓት በፊት የደም ግፊቷ 118 በ74 ነበር፣ አሁን 88 በ52 ሆኗል። የልብ ምቷ 124 ደርሷል። እጇን ስትነኩት ይቀዘቅዛል። «ውሃ ጠማኝ» ትላችኋለች። ፋሻው ደረቅ ነው፣ ከውጭ የሚታይ ደም የለም።

ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ ውስጥ ለውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል። ግን ማወቅ ሌላ፣ እጅ መፍታት ሌላ። ኦክስጅን ይቀድማል ወይስ ስልክ? ሐኪሙን ስትቀሰቅሱት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን መሆን አለበት? በዚያች ደቂቃ አጠገባችሁ አንድ ሲኒየር ነርስ ካለች «አንቺ ደውዪ፣ እኔ ሁለተኛ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ልክፈት» ትላለች፤ ታካሚዋም ትተርፋለች፣ እናንተም ዕድሜ ልክ የማይረሳ ትምህርት ታገኛላችሁ። ዋርዱ ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁና ሌሎች 20 ታካሚዎች ካሉባችሁስ?

የታካሚ ብዛት ከድካም በላይ ነው። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ የሚገኙ 168 ሆስፒታሎችን የፈተሸ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የነርሶቹ በሥራ የመሰላቸትና የመዛል ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ። ካሊፎርኒያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ነርስ የሚሰጠውን የታካሚ ብዛት በሕግ ወስናለች። በፅኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከ2 ታካሚ በላይ አይሰጣትም። እናንተ የምትገቡበት ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ላይኖረው ይችላል። ቁጥሩን መጠየቅ ግን ትችላላችሁ።

እንዴት ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? «ሥልጠና አለ ወይ?» አትበሉ፤ «አዎ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። «ለስንት ሳምንት ከሲኒየር ነርስ ጋር ተጣምሬ እሠራለሁ? በዚያ ጊዜ እኔ እንደ አንድ ሙሉ ተረኛ እቆጠራለሁ?» በሉ። ሁለተኛዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት። እንደ ሙሉ ተረኛ ከተቆጠራችሁ ሥልጠናው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ቀጥላችሁ የማታ ተረኛ ስንት ነርስ፣ ለስንት ታካሚ እንደሆነ ጠይቁ።

ከተቻለ ዋርዱን በርክክብ ሰዓት እዩት። ፈረቃቸው ካለቀ አንድ ሰዓት አልፎም ካርድ የሚሞሉ ነርሶች ካያችሁ፣ የሥራ ጫናውን ያለ ማንም ምስክር አወቃችሁት። እዚያ የሚሠራ ጀማሪ ፈልጋችሁ «ስትሳሳት ምን ይሉሃል?» በሉት። ከሰው ኃይል ቢሮ የማታገኙትን እሱ ይነግራችኋል።

ብዙዎች «መጀመሪያ አንድ ዓመት ጠቅላላ ዋርድ ካልሠራችሁ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አትገቡም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጥሩ አለማማጅ ካለ ግቡ። ጀማሪ ሆናችሁ ብቻችሁን የምትቆሙበት ትንሽ ክሊኒክ ወይም የቤት ለቤት ሥራ ግን፣ ደሞዙ ቢያጓጓም፣ ለመጀመሪያ ዓመት አልመክርም።

[ስክሪን ላይ፦ የውል ገጽ፣ አንድ አንቀጽ በቢጫ ተሰምሮበት]

ወደ ውሉ። «ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቁ የሥልጠና ወጪ ይከፍላሉ» የሚል አንቀጽ ካለ፣ መጠኑ በቁጥር ይጻፍ። በሠራችሁ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ያው ነው? የማይቀንስ ከሆነ እንዲስተካከል ጠይቁ። ዋናውን ዲፕሎማ አስቀምጡ ከተባላችሁ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን ለማሳየት ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

ከአገር ውጭ ለሚያስቡ አንድ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የቅጥር ደንብ ከውጭ የሚመጣ የጤና ባለሙያ በሥራ ሁኔታው ከአገሬው ባለሙያ እኩል መታየት አለበት ይላል። የሚያስገድድ ሕግ ባይሆንም ስትደራደሩ መጥቀስ ትችላላችሁ። ፓስፖርት ይዞ ማስቀረትን ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። «ለጥንቃቄ እኛ ጋ ይቀመጥ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ።

ደብዳቤው ደርሷችሁ «ዛሬውኑ ፈርሙ» ከተባላችሁ «አመሰግናለሁ፣ ውሉን አንብቤ ከነገ ወዲያ መልስ እሰጣለሁ» በሉ። ደህና ቀጣሪ ሁለት ቀን ይጠብቃል። በስልክ ቃል የተገባላችሁን፣ አበሉንም የሥልጠናውን ሳምንትም፣ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ገብታችሁ ካልሆነላችሁ ደግሞ በውሉ በተጻፈው የማስጠንቀቂያ ጊዜ መሠረት በጽሑፍ አሳውቁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።