አራተኛው ሙከራ፦ የዋሽንግተን ኮማንደርስ የ2024 ጉዞ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ዛሬ የምናወራው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ በ2024 መጨረሻ ላይ ጎረቤት ሁሉ እሁድ እሁድ ሲጮህ ሳትሰሙ አትቀሩም። ምን ተገኝቶ እንደሆነ ላስረዳችሁ። ጨዋታውን አይታችሁት የማታውቁ ከሆነም አይክበዳችሁ፤ አንድ ሕግ ብቻ ከያዛችሁ ይበቃል።

[ምስል፦ ሜዳው ከላይ ሲታይ፤ 10 ያርድ በቢጫ መስመር]

በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ የያዘ ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ርቀት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። በአራቱ 10 ያርዱን ከሞላ አዲስ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ካልሞላ ኳሱን እዚያው በቆመበት ቦታ ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ ሦስቱ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር አብዛኛው አሰልጣኝ አራተኛውን አይደፍረውም። ኳሱን በእግር አስመትቶ ወደ ተጋጣሚው ጫፍ ይልካል፤ ጎሉ ቅርብ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አስመትቶ ሦስት ነጥብ ይወስዳል። እንዲህ ያደረገ አሰልጣኝን የሚወቅስ የለም።

ኮማንደርስ በዚያ ዓመት በ17ቱ መደበኛ ጨዋታዎች አራተኛውን ሙከራ 23 ጊዜ ደፍረው 20ውን አሳክተዋል። 87 በመቶ ማለት ነው። ለእኔ የዚያ ዓመት ምስጢር እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው ያለው። ብዙ ሰው ዕድል ቀናቸው ይላል፤ እኔ አልስማማም።

ከዚያ በፊት የነበሩበትን ሁኔታ እንይ። በ2023 ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ አሸነፉ። የመጨረሻዎቹን ስምንት በተከታታይ ተሸነፉ። ከሊጉ 32 ቡድኖች ውስጥ እንደነሱ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት አልነበረም። ይህ ቡድን በአንድ ወቅት ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ዋንጫ፣ የወሰደ ነው። የመጨረሻውን ያገኘው ግን በ1991 የውድድር ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ደጋፊ የአባቱን ወሬ እየሰማ ነው ያደገው። በ2023 በጆሽ ሃሪስ የሚመራ ቡድን ክለቡን በ6 ነጥብ 05 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ አዳም ፒተርስ፣ እና አዲስ ዋና አሰልጣኝ፣ ዳን ክዊን፣ መጡ።

ክዊን ማን ነው? አትላንታን ይዞ ሱፐር ቦውል ላይ 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ የተሸነፈው አሰልጣኝ ነው። በዚያ ሽንፈት ስሙ ለዓመታት ሲነሣ ኖሯል። ዋሽንግተን ሲመጣ እንደ ቦቢ ዋግነር እና ዛክ ኧርትዝ ያሉ፣ ዕድሜያቸው 30ን ያለፈ፣ ማሸነፍን የሚያውቁ ሰዎችን አሰባሰበ። መልበሻ ክፍሉ በነሱ ተረጋጋ።

ከሁሉም በላይ ግን ጄይደን ዳንኤልስ መጣ።

[ምስል፦ 5 ቁጥር ለባሹ ኳርተርባክ ኳስ ይዞ ሲሮጥ]

ኳርተርባክ ማለት እያንዳንዱን ጨዋታ የሚያስጀምረው፣ ኳሱን የሚወረውረው፣ በሦስትና በአራት ሰከንድ ውስጥ የሚወስነው ሰው ነው። ዳንኤልስ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ይዞ ወጥቶ በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሁለተኛ ተመረጠ። የሚገርመኝ ልምምዱ ነው። ዓይኑ ላይ የሚታሰር የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አድርጎ፣ ጨዋታው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ እያደረገ ይለማመድ ነበር። ሜዳ ሲገባ እውነተኛው ጨዋታ ቀርፈፍ ብሎ ይታየዋል። በሴፕቴምበር ሲንሲናቲ ላይ ከወረወራቸው 23 ኳሶች 21ዱ ባልደረቦቹ እጅ ገቡ፤ 38 ለ 33 አሸነፉ። በዚያ ምሽት ሁለቱም ቡድኖች ኳስ በእግር አስመትተው ለተጋጣሚ አሳልፈው የሰጡበት አንድም አጋጣሚ አልነበረም።

አሁን ወደ ታዋቂዋ ጨዋታ እንምጣ፤ ኦክቶበር 27፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ፣ ከቺካጎ ቤርስ ጋር። ዳንኤልስ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጎድኑን ተጎድቷል፤ መጫወቱም አጠራጣሪ ነበር። ዋሽንግተን በአራት ፊልድ ጎል፣ ማለትም በቋሚዎቹ መሃል በተመቱ ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች፣ 12 ነጥብ ይዞ ሲመራ ቆይቶ 25 ሰከንድ ሲቀር ቺካጎ 15 ለ 12 ቀደመ። ሁለት ፈጣን ቅብብል ተደረገና ሰዓቱ 2 ሰከንድ ላይ ቆመ። ኳሱ ያለው ገና በራሳቸው ሜዳ፣ 48ኛው ያርድ ላይ ነው።

ዳንኤልስ ኳሱን ተቀበለ፤ ግን አልወረወረም። ወደ ኋላ ሸሸ፣ ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፤ ከ12 ሰከንድ በላይ እንዲህ ሲሽሎኮሎክ ጓደኞቹ ጫፍ ላይ ደርሰው ይጠብቃሉ። ከዚያ ወረወረ። ጫፉ ላይ ተከላካዮቹም አጥቂዎቹም ተሰብስበው ዘለሉ፤ ኳሱ ከአንድ ተከላካይ እጅ ነጥሮ ወደ ኋላ ሄደ። ከሁሉም ኋላ ብቻውን የቆመ ሰው ነበር፤ ኖዋ ብራውን። ኳሱ እጁ ላይ አረፈ። ጫፉ ላይ ኳስ መያዝ ታችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ነው። 18 ለ 15።

አዎ፣ መንጠሩ ዕድል ነው። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ 12 ሰከንዶች ባይገኙ ብራውን እዚያ ቦታ አይደርስም ነበር። ደግሞም ከሚዘሉት ኋላ አንድ ሰው እንዲቆም የሚደረገው ኳሱ ሊነጥር እንደሚችል ታስቦ ነው።

ኅዳር ላይ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ፤ ብዙዎችም አበቃላቸው አሉ። ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። ኒው ኦርሊንስን 20 ለ 19 ያሸነፉት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የተጋጣሚውን የሁለት ነጥብ ሙከራ፣ ማለትም ከታችዳውን በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ዕድል፣ አክሽፈው ነው። ፊላደልፊያን 6 ሰከንድ ሲቀር፣ አትላንታን በተጨማሪ ሰዓት፣ ዳላስን 3 ሰከንድ ሲቀር አሸነፉ። መደበኛውን ውድድር በ12 ድልና በ5 ሽንፈት ጨረሱ። ጥሎ ማለፍ ላይ ደግሞ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20 የረቱት የመጨረሻዋ ኳስ ከ37 ያርድ ተመትታ፣ የቀኙን ቋሚ ገጭታ ከገባች በኋላ ነው። የክለቡ የመጨረሻ የጥሎ ማለፍ ድል ጃንዋሪ 2006 ነበር፤ እሱም እዚያው ታምፓ ከተማ ውስጥ።

አምስት ጨዋታ በተከታታይ በመጨረሻዋ ቅጽበት ተወሰኑ፤ አምስቱንም ዋሽንግተን ወሰደ። ዓመቱን ሙሉ አራተኛውን ሙከራ ሲደፍር የከረመ ቡድን ሰዓት ሲያልቅ እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ዲትሮይት፤ 15 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ፣ በገዛ ሜዳው የሚጫወት። ዋሽንግተን አምስት ጊዜ ኳስ ነጠቀና 45 ለ 31 ጣለው። ከ1991 የውድድር ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንፈረንስ ፍጻሜ ላይ፣ ማለትም ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ በፊት ባለው ደረጃ ላይ፣ ደረሱ።

እዚያም ፊላደልፊያ ጠበቃቸው። ሴኳን ባርክሊ ቡድኑ ገና የመጀመሪያዋን ኳስ ሲነካ 60 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ዋሽንግተን በተራው አራት ጊዜ ኳስ አስነጠቀ፤ 55 ለ 23 ተሸነፈ። ፊላደልፊያም ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ዳንኤልስ በሩጫ ብቻ 891 ያርድ ጨምሮ፣ ለጀማሪ ኳርተርባክ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ።

ከዚያ ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ የላንዶቨሩን ተዉትና የዲሴምበር 22ቱን የፊላደልፊያ ጨዋታ ፈልጉ። በዚያን ቀን የፊላደልፊያው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ በመጀመሪያው ሩብ ጭንቅላቱን ተጎድቶ ወጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዋሽንግተን ግን አምስት ጊዜ ኳስ አስነጥቆ፣ በአራተኛው ሩብ በ13 ነጥብ እየተመራ፣ 36 ለ 33 አሸነፈ። ዳንኤልስ አምስት የታችዳውን ኳስ ወረወረ፤ አምስተኛዋ ጃሚሰን ክራውደር እጅ የገባችው 6 ሰከንድ ሲቀር ነው። ከአራተኛው ሩብ ጀምራችሁ እዩት።