ከዚህ የበቀለ ይበላል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ካለፈው ክፍል በኋላ የላካችሁልኝን መልእክት ሁሉ አዳምጫለሁ፤ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ወጣቶቹ አጽድተው በተከሉበት የቀድሞ ጋራዥ ግቢ ያለው ጎመን ደርሶ እንደሆነ ነው። ደርሷል። እስካሁን ያልተቀነጠሰው እኔ «ትንሽ ቆዩ» ስላልኩ ነው። ምክንያቱን ለልጆቹ በግልጽ አልነገርኳቸውም፤ ለእናንተም ለመናገር ሦስት ጊዜ ቀርጬ ሦስቱንም አጥፍቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ማለዳ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከቅጠሉ ላይ ሳይረግፍ፣ ሁልጊዜ ቆሎ የሚያመጡልን እማማ በካቡ ክፍተት ገብተው በመደቦቹ መካከል ቀስ ብለው ተራመዱና፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አነሱ። አሸተቱት። ከዚያም እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «እስቲ አሽትተው፣ ልጄ፤ ከዚህ የበቀለ ይበላል?» አሉኝ። አሸተትኩት፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። እኔም «ምንም አይልም፣ እማማ፤ የስንት ዓመት ክረምት አጥቦታል» አልኳቸው። እሳቸው አፈሩን መልሰው አልጣሉትም፤ በመዳፋቸው እንደያዙ «እዚህ ጥግ ላይ የመኪና ባትሪ ይሰብሩ ነበር» አሉና ወጡ።

ያን መልሴን ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እያለ ነው «ምንም አይልም» ያልኩት። ስብርባሪ ጠርሙስና የዛገ ቆርቆሮ በእጃቸው ለቅመው ግቢውን ያጸዱት ወጣቶች በአጠገቤ ቆመው ነበርና በእነሱ ፊት «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ ይሆናል። ወይም ይህም ሰበብ ነው።

ደግሞስ ክረምት አጥቦታል ማለት ምን ማለት ነው? የታጠበው ወዴት ሄደ? ቁልቁል ወደ በሬሳ ወንዝ ነዋ፤ ልብስ ወደሚታጠብበት፣ ከብት ወደሚጠጣበት። ዘይቱ እንኳ ተስፋ አለው፤ አፈሩ እየተገላበጠ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ምንም እንኳ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ብርዱ ሥራቸውን ቢያዘገየውም። ከባትሪ የሚወጣው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ግን አይበሰብስም። ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቆ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ አቧራ ሆኖ በልጆች እጅ ላይ፣ ከእጃቸውም ወደ አፋቸው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያደርስ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በመኖሪያ አካባቢ አፈር ላይ ምርመራ የሚያስጀምረውን መጠን እ.ኤ.አ. በ2024 ከ400 ወደ 200 ሚሊግራም በኪሎግራም አውርዶታል።

በዚያ አገር ለተበከሉና ለተተዉ ቦታዎች የሚሆን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የተጀመረው፤ ሥራው የሚጀመረውም አፈር በመቆፈር ሳይሆን ቦታው ላይ ማን ምን ይሠራ እንደነበር በመጠየቅ ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እማማ ያንን ታሪክ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ መጠየቅ የነበረብኝ የመጀመሪያው ችግኝ ሳይተከል ነበር።

መፍትሔ ፈልጌ ያገኘሁትም ሌላ ጭንቀት ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ባይተከል ይመረጣል፤ ቅጠሉ አቧራውን ይይዛል፣ ሥሩም ከአፈሩ ጋር ይነካካል፤ እንደ ቲማቲም ያለ ፍሬ ይሻላል ይባላል። ቲማቲም ግን ውርጫችንን አይችልም። ብርዱን የሚችሉት ጎመንና ካሮት ናቸው፤ ማለትም አትትከሉ የተባሉት። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፎ ንጹሕ አፈርና ኮምፖስት የሞላበት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይቻላል፤ አፈሩን በጋሪ የሚያመጣው ማን ነው? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ባለጋራዡ ግን ከሄደ ቆየ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሌላም የምፈራው አለ። ግቢው ቆሻሻ ሆኖ ሳለ ማንም አልፈለገውም፤ ከጸዳ በኋላ ለሊዝ ጨረታ ቢወጣስ? ያጸዱት ልጆች ተጫራች ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ዝም ልበል? አይ፣ ይህን ማሰቤም... ተዉት።

ትናንት ከአራቱም ማዕዘን አፈር ወስጃለሁ። አንደኛው ፌስታል ላይ «የባትሪው ጥግ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አሁን ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጧል። ሰኞ ወደ ላቦራቶሪ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ለልጆቹ ጎመኑን ንቀሉት ልበላቸው፣ ወይስ ውጤቱ እስኪመጣ ውኃ ያጠጡት? ስመለስ በእማማ ደጅ አለፍኩ፤ የልጅ ልጃቸው በር ላይ አፈር እያቦካ ይጫወታል። ቆምኩ። ላንኳኳ ብዬ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ግን...