ሞተሪኖው ይዞራል፣ መኪናው አይነሳም

ጥያቄ፦ የምደውለው ከቨርጂኒያ ነው። የ2002 ፎርድ ኤክስፕሎረር አለኝ። ትናንት ፓርኪንግ ውስጥ አንዱ ከኋላ ገጨኝ፤ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። የቤንዚን ፓምፑ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓምፕ ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ጎንበስ ብለው ይዩ። በበሩ በኩል፣ ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ አናቷ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ የነዳጅ ማቋረጫ ማብሪያ ናት። ውስጧ ማግኔት የያዛት የብረት ኳስ ተቀምጣለች። መኪናው ሲገጭ ኳሷ ከማግኔቱ ትላቀቅና ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ታቋርጣለች። ቁልፏም ብቅ ትላለች።

ሲጫኗት ትመለሳለች። ግን ቆይ! ይቺ ነገር የተሠራችው የቤንዚን መስመር ተቀዶ ፓምፑ ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ እንዳይረጭ ነው። ስለዚህ የመኪናውን ቁልፍ ዘግተው ሥሩን ይዩ፣ ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተዎ እንዳይነኳት፤ በተጎታች ጋራዥ ይውሰዱት። ደረቅ ከሆነ ቁልፏን ወደ ታች ይጫኑ። ሞተሩን ሳያስነሱ ለጥቂት ሰከንድ የመኪናውን ቁልፍ ይክፈቱና ይዝጉ። አሁንም ሥሩን ይዩ። ከዚያ ያስነሱ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቶዮታ ቪትዝ ነው የምነዳው። ይህቺን ቁልፍ ዳሽቦርድ ሥር ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት።

መልስ፦ እህቴ፣ የሌለ ነገር እየፈለጉ ነው የደከሙት። ቶዮታ ላይ ኤርባግ ሲፈነዳ ነዳጁን የሚያቋርጠው ኮምፒውተሩ ነው። የሚመለሰውም የመኪናውን ቁልፍ ዘግቶ እንደገና በመክፈት ነው፤ ያም ሥሩ ታይቶ፣ ፍሳሽ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ። ኤርባጉ ካልፈነዳ ሰበቡ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞርልዎ ከኋላ ወንበር በኩል «ዝዝዝ» የሚል የፓምፑን ድምፅ ያዳምጡ። ዝም ካለ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚለቀውን) ያሳዩ፤ ፓምፑ ከዚያ በኋላ ይታያል። በነገራችን ላይ፣ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው። የማደያ ሰልፍ ሰልችቶን ሁልጊዜ በጭላጭ ስንነዳ የምንጎዳው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ታክሲ የነዳሁበት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ አሁንም አለኝ። ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ «ማቋረጫዋን ዘለን ሽቦውን ዳይሬክት እናገናኘው» አለኝ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እንዳያደርጉት። የእርስዎ ማብሪያ ያለው ከኋላ፣ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ በስተግራ፣ ከምንጣፉ ጀርባ ነው። ሲቆም ከፍተው ይዩት፤ ቁልፉ ብቅ ካላለ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የላላ ሽቦ ይፈለግ። ብቅ ካለ ደግሞ አርጅቷል ማለት ነው። በሁለት ብሎን ነው የተያዘው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ዳይሬክት ከተደረገ ግን፣ ከኋላ ቢገጩ ፓምፑን የሚያቆምልዎ የለም።