ሊኑክስ ለጀማሪ እንዲመች ምን ይሻሻል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዊንዶውስ 10 የደኅንነት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ አሮጌ ኮምፒውተሩን ወደ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ወደሚጫነው ነጻ ሥርዓት፣ ያዞረ ሰው በርክቷል። በዚህ ሳምንት ታዲያ «ምን ቸገራችሁ? ምንስ ቢስተካከል ትላላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ከተነሱት መካከል አምስቱን ከነመልሳቸው እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር፦ በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭነናል። ተማሪው ግን «ሲ ድራይቭ የት ሄደ?» እያለ አስቸገረን። ጨርሶ ዊንዶውስን እንዲመስል ቢደረግ አይሻልም?

መምህር፣ ከዚህ በላይ መምሰሉ የሚጠቅም አይመስለኝም። ሚንት ሜኑውን በግራ በኩል ከታች ያስቀመጠው ዊንዶውስ የለመደ ሰው እንዳይደናገር ብሎ ነው። መልኩ ሲመስል ተማሪው ውስጡንም ያው ነው ብሎ ይገባና ሲ ድራይቭን ይፈልጋል፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሲ የሚባል ነገር የለም፤ የተማሪው ፋይል ያለው «ሆም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ሚንት መጀመሪያ ሲከፈት የሚመጣው የእንኳን ደህና መጡ መስኮት ስለ ማሻሻያና ስለ ባክአፕ ብዙ ያወራል። እኔ ብሆን «ፋይልህ እዚህ ነው፣ ፍላሽህ እዚህ ይታያል» የምትል አንዲት ገጽ በአማርኛ እጨምርበት ነበር። እስከዚያው «ሆም»ን ዴስክቶፑ ላይ አውጥታችሁ ስሙን በትልቁ ለጥፉበት።

ከፍኖተ ሰላም፣ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ያላቸው እህት፦ ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣው የአማርኛ ጽሑፍ አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ሌላው ደግሞ ይነበባል፣ ግን ሁለት ገጽ የነበረው ሦስት ይሆናል። ሊኑክስ ፎንቱን አብሮ ቢያመጣ ምን አለበት?

እህቴ፣ የነገሩን ሁለት ችግር ነው፤ መድኃኒቱም ለየቅል ነው። ገጹ የሚጨምረው ጽሑፉ ኒያላ በሚባለው ፎንት ስለተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም፤ የሊኑክሱ መጻፊያ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ያገኘውን ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካበታል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋና ፊርማው ብቻውን ሦስተኛ ገጽ ላይ ያርፋል። ይህን ይዞ መጥቶ ማስታወቂያ ቦርድ ላይ የሚለጥፍ ደንበኛ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው በፒዲኤፍ አስቀምጦ ቢያመጣላችሁ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

ዝብርቅርቁ ግን የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን የጻፉት የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ በያዙ ፎንቶች ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛው ፊደል ነው። ያንኑ ፎንት ከአሮጌው ማሽን ገልብጠው ይጫኑት፣ ይነበባል። አዲስ ሥራ ግን በዚያ አይጻፉ፤ ለነገ ሰው ችግር ማውረስ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ያ ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ እርስዎ ጋ ሲደርስ አቅም ያጣል። የደበቃቸው ፋይሎችም ሊኑክስ ላይ እንዲሁ ወለል ብለው ይታያሉ። ለኮፒ ቤት ይህ ብቻውን ብዙ ነው።

ከቢቸና፣ መሪጌታ፦ ቅኔ ነው የምጽፈው። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አማርኛ ኪቦርድ መረጥሁ፣ ጣቴ ግን ከለመደው ጋር አልገጥም አለ። የሚሻለውን ልጫን ብል ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ቤቴ ውስጥ የለም።

መሪጌታ፣ ከቀረቡት አስተያየቶች ሁሉ የእርስዎን አስቀድማለሁ። ኡቡንቱ ሲጫን «የት ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርስዎም አዲስ አበባን ይመርጣሉ። መልሱን ሰዓት ለማስተካከልና ለመሳሰለው ይጠቀምበታል። አገሩን ካወቀ «በአማርኛ ይጽፋሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ ኪቦርዱንም ከዚያው ከመጫኛው ፍላሽ ማውጣት ይችል ነበር። ስንት ጊጋ ባይት የሚመዝን መጫኛ ለጥቂት ሜጋ ባይት ቦታ አያጣም።

ለአሁኑ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ስልኩ ላይ ዳታ ማጋሪያውን ያብሩ። ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ያለምንም ጭነት ይቀበለዋል። ከዚያ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ይጫኑ፤ አንዴ ወጥተው ይግቡና ከኪቦርዶቹ ዝርዝር «አማርኛ፣ ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ። በድምፅ ነው የሚጻፈው፦ ኤልንና ኢን ሲነኩ ለ ይሆናል፤ ሐ ደግሞ በሺፍት ኤች ይጀምራል። ቈ፣ ኰ፣ ጐና ኈ አሉ። ለቅኔ ያለ እነሱ አይሆንም።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስም ኡቡንቱም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው በተመለስኩ ቁጥር ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ይዛነፋል። የሰዓቱ ባትሪ ሞታ ነው?

ባትሪዋን ተዋት፣ ደህና ናት። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፤ ሊኑክስ ደግሞ ያንኑ የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ ልዩነቱ ያ ነው። ከሁለቱ አንዱን እንደሌላው እንዲያነብ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል። ጀማሪ ግን ይህን ከየት ያውቃል? መጫኛው ጎኑ ዊንዶውስ መኖሩን ካየ ሳይጠየቅ ሊያስተካክለው ይገባል።

ከዳንግላ፦ ይህን ሁሉ ብንል ማን ይሰማናል?

ይሰማሉ፣ በወጉ ከተነገረ። ኡቡንቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚ ሐሳብ አቅርቦ የሌላውንም በድምፅ የሚደግፍበት መድረክ ከፍቶ ነበር፤ በኋላ ተዘጋ። በ2009 ደግሞ ተጠቃሚን በየቀኑ የሚያናድዱ መቶ ጥቃቅን እንከኖችን ለይቶ የማረም ዘመቻ ጀመረ። ያ ዘመቻ ልክ ነበር እላለሁ፤ ጀማሪን የሚያባርሩት እነዚያው ጥቃቅኖቹ ናቸውና። ዛሬ የኡቡንቱ እንከን ላውንችፓድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ፣ የሚንት ደግሞ ጊትሃብ በሚባለው ላይ ይመዘገባል።

«አማርኛ አይሠራም» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ማንም አይመልስላችሁም። የትኛው ቨርዥን ነው? ምን አደረጋችሁ? ምን ጠብቃችሁ ምን መጣ? ይህን በአጭሩ ጻፉ፣ የስክሪኑን ፎቶ አያይዙ። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም። አንድ እንከን በአንድ ደብዳቤ ይሁን፤ አሥሩን አንድ ላይ ከጻፋችሁ ሁሉም ይታለፋል። መተርጎም የምትወዱ ደግሞ ላውንችፓድ ላይ አካውንት ከፍታችሁ የአማርኛውን ክፍል ተመልከቱ፤ ያልተተረጎመ ሞልቷል። ስትጀምሩ ሜኑዎቹንና የስሕተት መልእክቶቹን አስቀድሙ።