ለጥምቀት ስንት ቀን ቀረ?

(ምስል፦ የፋሲል መዋኛ፣ ውኃ ሳይሞላ)

ተራኪ፦ ዛሬ ኅዳር 20 ቀን 2018 ነው እንበል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ወራችን ሁሌም 30 ስለሆነ የቀረውን ለማወቅ ካላንደር መግለጥ አያስፈልግም።

(ጽሑፍ፦ 2 × 30 = 60፤ 60 − 9 = 51)

ከኅዳር እስከ ጥር ሁለት ወር፣ 60 ቀን ነው። ከ11 ላይ 20 አይነሳም፤ የጎደለውን 9 ከ60 ቀንሱ፣ 51 ይቀራል። 51 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ኅዳር 20 ቅዳሜ ነውና ጥምቀት ሰኞ ይውላል። ለእንግዳ ግን 50 ብላችሁ ንገሩ። ታቦታቱ ወደ መዋኛው የሚወርዱት በከተራ፣ ጥር 10 ነው፤ በ11 ጠዋት ጎንደር የገባ ሰው ግማሹ አምልጦታል።

(ምስል፦ የጳጉሜን ገጽ)

ስሌቱ የሚበላሸው ዘመን ሲለወጥ ነው። ከሰኔ 1 እስከ መስቀል፣ መስከረም 17፣ ሦስት ወር ከ16 ቀን፣ ማለትም 106 ይመስላል። ጳጉሜን ተረስታለች፤ 111 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች፤ እንደ 2015 እና 2019። ጣጣው በማግስቱ ዓመትም አይለቅም። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን 13 ይሆናል። ስልኩ ላይ በየዓመቱ ጃንዋሪ 19 ብሎ የሞላ ሰው በ2020 ጥምቀትን በከተራ ያከብራል፤ ያን ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው።

(ጽሑፍ፦ ኅዳር 18 ቀን 1934)

ያለፈውም በዚሁ መንገድ ይቆጠራል። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ ኅዳር 18 ቀን 2018 ላይ 84 ዓመት ሞላው። 84 በ365 ሲባዛ 30,660 ነው። ከ1935 እስከ 2015 ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው 21 ዓመታት አሉ፤ ሲደመሩ 30,681 ቀን።

ሳልስትና አርባ ግን በመቀነስ አይገኙም። ያረፈበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጥር 11 ላረፈ ሰው አርባው የካቲት 20 ነው፤ ስልኩ ግን 39 ይላል። አንድ ጨምሩበት።

(ምስል፦ የስልክ ሰዓት)

በሰዓት ስትሞሉ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ስልኩ ቀን መለወጡን አትርሱ። ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሳ መኪና ካላችሁ ስልኩ ላይ ቅዳሜ 2:00 ብላችሁ አስገቡ። ዓርብ ብላችሁ ከሞላችሁ ማንቂያው አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ይጮኻል።