ታንካችሁ ሳይሰበር ለኩት

የተከበራችሁ የትልቅ ፎርማት ፎቶግራፍ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካሜራ አይደለም። ስለ ሌንስም አይደለም። ሺት ፊልም ስለምናጥብበት የቀን ብርሃን ታንክ ነው። በተለይም መመረት ስላቆሙት ታንኮች። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ቢያንስ አንዱ ቤታችሁ እንዳለ አውቃለሁ።

የምጠይቃችሁን ነገር ወደ መጨረሻ አላቆየውም። ታንካችሁን በካሊፐር፣ ማለትም ጥቃቅን ልኮችን በሚያነብ መለኪያ፣ ለኩት። የእያንዳንዱን ክፍል ልክ ጻፉ። ከዚያ ለሌላው አካፍሉት። አሁን ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳ።

አዲስ የጀመሩ ስላሉ ከመሠረቱ ልነሳ። የ4 በ5 ኢንች ፊልም እንደ ጥቅል ፊልም ተያይዞ አይመጣም። እያንዳንዱ ሺት ለብቻው የተቆረጠ ነው። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው እንደ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 እና ኤችፒ5 ያሉ ፊልሞች ሁሉንም የብርሃን ቀለም ያያሉ። ቀይ መብራት እንኳ ያበላሻቸዋል። የሚፈልጉት ድፍን ጨለማ ነው። ቀይ ብርሃን የማያየው ኦርቶ ፊልም ከሆነ ግን በቀይ መብራት እያየን በትሪ ልናጥበው እንችላለን።

ጨለማ ክፍል ያለው ሰው ብዙም አይቸገርም። በትሪ ያጥባል፣ ወይም ፊልሙን በማንጠልጠያ ሰቅሎ ጥልቅ ታንክ ውስጥ ይነክራል። ክፍል የሌለውስ? እጅጌ ባለው ጥቁር ከረጢት ውስጥ ፊልሙን ይጭናል። ታንኩን ይከድናል። ከዚያ በኋላ መብራት አብርቶ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ሙቀቱን እየለካ ተረጋግቶ ይሠራል። የቀን ብርሃን ታንክ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። ይህ ሰው ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ በዝቷል። ምክንያቱም ቋሚ ጨለማ ክፍል ያለው እየቀነሰ ነው።

ታዲያ ታንኮቹ ለምን ጠፉ? እንደሚመስለኝ ገበያቸው ከመጀመሪያውም ጠባብ ነበር። ትልልቅ ላብራቶሪዎች አልፈለጓቸውም፤ የራሳቸው ጨለማ ክፍል ነበራቸው። ገዢው አማተሩ ነበር። የፕላስቲክ ሞልድ ደግሞ ውድ ነው። ዲጂታል ሲመጣ ያ ትንሽ ገበያ ይበልጥ ተመናመነ። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። የሚበልጠው ጉዳይ ታንኮቹ ምን ያውቁ ነበር የሚለው ነው።

አንድ ታንክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ የምፈርደው በአንድ ነገር ነው። ፈሳሹ እንዴት ይገባል፣ ውስጥ እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ እንዴት ይወጣል? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከኤፍአር ታንክ ልጀምር። አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። 4 በ5 ፊልም 12 ሺት ይይዛል፤ ለአነስተኛ መጠኖችም ይስተካከላል። ያንኪ የሚባለው ታንክም ዘመዱ ነው። እሱ ሲሞላ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ይጠጣል። እነዚህን ታንኮች መገልበጥ አይቻልም። ክዳናቸው ብርሃን ይከለክላል እንጂ ውሃ አይከለክልም። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ ነው የምትሠሩት። ፈሳሹ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይመላለሳል። በፊልሙ ጠርዝ በኩል ፈጥኖ ያልፋል፣ መሃል ላይ ይዘገያል። ውጤቱን ሰማይ ላይ ታዩታላችሁ። ጠርዙ የጠቆረ፣ መሃሉ የሳሳ ኔጋቲቭ ይወጣል። ፎቶው ዛፍና ድንጋይ የበዛበት ከሆነ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። ንጹህ ሰማይ ከሆነ ግን የትም አይደበቅም።

ኒኮር ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ክብ ታንክ ነው። እሱም 12 ሺት ይይዛል። ፊልሞቹ ሪል በሚባል የሽቦ መያዣ ላይ ጎበጥ ብለው ይቀመጣሉ። እንዳይወጡ ዙሪያቸውን የሚይዝ ማሰሪያ አለው። ይህን ታንክ መገልበጥ ይቻላል፤ በውሃ ገንዳ ውስጥ ሲቀመጥም ብረቱ ሙቀቱን ቶሎ ይቀበላል። ከአሮጌዎቹ ሁሉ በአሠራር ጥንካሬ የማደንቀው እሱን ነው። ግን አሮጌ ኒኮር ስትገዙ ያ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ የለም። ያለ ማሰሪያው ስትገለብጡት አንዱ ሺት ከቦታው ወጥቶ ሌላው ላይ ይለጠፋል። የተለጣጠፈው ቦታ አይታጠብም። አንዲት ማሰሪያ ስለጠፋች ሙሉ ታንክ ጌጥ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህን አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ኮምቢ-ፕላን። ብዙዎቻችሁ የምትወዱትም የምትማረሩበትም ታንክ ነው። 6 ሺት ይይዛል፣ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይወስዳል። ፊልሞቹ ቀጥ ብለው፣ ተለያይተው በመያዣው ቦይ ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ የሚጫን ሌላ መያዣ እንዳይወጡ ያግዳቸዋል። አጫጫኑ ግሩም ነው። ችግሩ ክዳኑ ላይ ነው። የፈሳሹ መግቢያ ጠባብ ስለሆነ ታንኩን ለመሙላት ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ነው? የማጠቢያ ጊዜያችሁ 6 ደቂቃ ከሆነ ከ12 አንድ እጅ ማለት ነው። የፊልሙ የታችኛው ጫፍ ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ፣ በዴቨሎፐር፣ ውስጥ ሲሆን የላይኛው ገና ደረቅ ነው። እርግጥ ለማውጣት ታንኩን ስትገለብጡት መጀመሪያ የገባው ጫፍ መጀመሪያ ይወጣል። ስለዚህ ልዩነቱ በከፊል ይካካሳል። ይህ ሂሳብ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ግን የመግቢያና የመውጫ ፍጥነቱ እኩል ከሆነ ነው። በዚያ ላይ ደረቅ ኢመልሽን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የፊልሙ ሽፋን፣ ዴቨሎፐር ሲጠጣ የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ከባድ ናቸው። ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲወጣ የቆመበት መስመር ኔጋቲቩ ላይ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ፊልሙን አስቀድሞ በውሃ ማራስ የሚሉ አሉ። ኢልፎርድ ግን ለራሱ ፊልሞች ይህን አይመክርም፤ ያልተስተካከለ እጥበት ሊያመጣ ይችላል ይላል። እኔ የምመክረው ሌላውን መንገድ ነው። ዴቨሎፐሩን አስቀድማችሁ ታንኩ ውስጥ ሙሉት። በጨለማ የተጫነውን መያዣ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ስደዱት። ክዳኑን ግጠሙና መብራት አብሩ። ሁሉም ሺት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይረጥባል። ለዚህ ግን ከረጢት አይበቃም፣ ጨለማ ክፍል ያስፈልጋል። ያንን ካላገኛችሁ ዴቨሎፐሩን አቅጥኑት። ጊዜው ወደ 12 ደቂቃ ሲረዝም ያ ግማሽ ደቂቃ ከ24 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል።

ስለ ማቅጠን ካነሳሁ አይቀር፣ መጠኑም መታሰብ አለበት። አራት የ4 በ5 ሺቶች የአንድ ባለ 36 ጥቅል ፊልምን ያህል ስፋት አላቸው። ኮዳክ ዲ-76 የተባለውን ዴቨሎፐሩን በውሃ አንድ ለአንድ ስታቀጥኑ ለአንድ እንዲህ ያለ ጥቅል 473 ሚሊ ሊትር ይመክራል። እንግዲህ 6 ሺት 710 ያህል ይፈልጋል። የኮምቢ-ፕላን አንድ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። 12 ሺት ደግሞ 1.4 ሊትር ይፈልጋል፤ ያንኪው ይበቃዋል። ስለዚህ ታንኩ ብዙ ጠጣ ብላችሁ አትማረሩ። ዴቨሎፐሩ መሃል ላይ ደክሞ ኔጋቲቩ ከሚሳሳ ትንሽ መትረፉ ይሻላል።

የፓተርሰን ኦርቢታል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለወረቀት ህትመት ነበር። ዝርግ ትሪ ነው፣ ክዳን ያለው፤ በእጅ ወይም በሞተር ይዞራል። 4 በ5 አራት ሺት ወይም 8 በ10 አንድ ሺት ያጥባል። ፈሳሽ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ታዲያ ለፊልም ስትጠቀሙበት አንድ ጣጣ አለው። ወለሉ ለስላሳ ስለሆነ የፊልሙ ጀርባ ይለጠፍበታል። ጀርባው ላይ ያለው ማቅለሚያ ሳይለቅ ይቀራል። ሰዎች ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት አሻከሩት። ሌሎች ጥቃቅን የኢፖክሲ ጠብታ አደረጉበትና ፊልሙን ከፍ አደረጉት። ፈሳሹም ከሥር መግባት ቻለ። ይህን የፈለሰፈው ፋብሪካው አይደለም። ተጠቃሚው ነው። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ምትክ የለም አልልም። ስቲርማን ፕሬስ ኤስፒ-445 የሚለውን ታንክ ሠርቷል፤ 4 ሺት በ475 ሚሊ ሊትር። ሂሳቡን አስተውሉት፣ ከላይ ካልኩት የኮዳክ ልክ ጋር እኩል ነው። ሞድ54 ደግሞ የፓተርሰን ባለ ሦስት ሪል ታንክ ውስጥ የሚገባ መያዣ ነው፤ 6 ሺት በአንድ ሊትር። የፓተርሰን ታንክ አፉ ሰፊ ስለሆነ በጥቂት ሴኮንድ ይሞላል። የኮምቢ-ፕላን ትልቁ ሕመም እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተው የጀርመኑ ጆቦም የሺት ፊልም ሪሉን ሲያሻሽል የፈሳሹን ግርግር የሚያረጋጉ ክንፎች ጨምሮበታል። ሁሉም ያንኑ የፈሳሽ ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

ታዲያ አዲስ ካለ አሮጌውን ለምን እንለካለን? አንደኛ፣ ሺዎች ታንኮች አሁንም ይሠራሉ። የሚጎድላቸው አንድ ክዳን፣ አንድ ጎሚኒ፣ አንድ ማሰሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ለ9 በ12 ሴንቲ ሜትርና ለሌሎች አነስተኛ መጠኖች የሚሆን ምርጫ አሁንም ጥቂት ነው። የድሮዎቹ እነዚህንም ይቀበሉ ነበር። ሦስተኛ፣ ስሪዲ ፕሪንተር ዛሬ በብዙ ሰው እጅ አለ። ፕሪንተሩ ግን ልክ ካልተሰጠው ምንም አያውቅም። ልኩ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ታንኩ የተሰበረ ቀን ልኩም አብሮ ይጠፋል።

ስትለኩ ከፊልሙ ጀምሩ። 4 በ5 የሚባለው ፊልም በትክክል 4 በ5 አይደለም። መያዣ ውስጥ እንዲገባ ትንሽ ያንሳል፤ ወደ 100 በ125 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የኢልፎርድ ሺት ፊልም ውፍረቱ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዩ ይህን ሳያጨናንቅ መቀበል አለበት። በጣም ከሰፋ ደግሞ ቀጭን ፊልም ሲገለበጥ ያመልጣል። ስለዚህ የቦዩን ስፋት፣ ጥልቀትና በሁለት ቦዮች መካከል ያለውን ርቀት ጻፉ። ይህ ርቀት ቁልፍ ነው። ፈሳሹ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። ከዚያ የጎሚኒውን የውስጥና የውጭ ዲያሜትር፣ የክዳኑን ጥርስ፣ የመግቢያውን ቀዳዳ ለኩ። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትተዉት፤ አሮጌ ፕላስቲክ ይጣመማል።

ክፍሎቹን በስሪዲ ፕሪንተር ለምታትሙም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የታተመ ፕላስቲክ በንብርብሮቹ መካከል ፊክሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናውን ፈሳሽ፣ ይይዛል። በደንብ ካልተለቀለቀ በሚቀጥለው ጊዜ ዴቨሎፐሩን ይበክላል። መያዣና ማሰሪያ ማተም ቀላል ነው። ክዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ስስ ጥቁር ፕላስቲክ ለዓይን ጨለማ ቢመስልም ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል። አዲስ ክዳን ወይም የተገዛ አሮጌ ታንክ ስትሞክሩ ጊዜው ያለፈበት አንድ ሺት ፊልም ጫኑበት። መብራት ሥር እጥበት የሚፈጀውን ያህል አቆዩት፣ ከዚያ እጠቡት። ፊልሙ ንጹህ ሆኖ ከወጣ ታንኩ ደህና ነው። በህትመት ወረቀት አትሞክሩት። ወረቀት ከፊልም በጣም ያነሰ ስሜት ስላለው ቀዳዳውን ሊደብቅባችሁ ይችላል።

ዛሬ ታንክ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ ወደ ፊት አምጡት። ካሊፐርና ወረቀት ይዣለሁ። በኮምቢ-ፕላን ክዳንና በኒኮር ማሰሪያ እንጀምራለን። ማሰሪያው ያልጠፋባችሁ ኒኮር ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተ ቀድማችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።