ውኃው እግራችንን አያውቅም

እንደምን አመሻችሁ!

ወደዚህ ስወጣ አንድ ወንድሜ ጠጋ ብሎ «አደራ፣ እንዳታስፈራራቸው» አለኝ። ከሩጫ ቡድናችን ሰባት ሰዎች በዚህ ሰመር ለመጀመሪያ ጊዜ ትራያትሎን ሊሞክሩ ተመዝግበዋል። ደስ ብሎኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ላስፈራራ ነው የመጣሁት።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ነው። እየተከታተሉ፣ ያለ እረፍት። ጀማሪ የሚገባበት ስፕሪንት የሚባለው ነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የኦሊምፒኩ ርቀት የዚህ እጥፍ ነው። አይረንማን የሚሉት ደግሞ አለ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። እኛ የምንችለው መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ የእኛ ነው እንላለን። ፈረንጆቹም ያምኑናል። መነሻው ላይ ሲያዩኝ «ዛሬማ አለቀልን» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ግን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በልጅነቱ ዋና የተማረ ስንት ሰው አለ? ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር ወንዝ ማለት እናት «ዋ! እንዳትጠጋ» የምትልበት ቦታ ነው። ክረምት ላይ ሞልቶ ሰው ይወስዳል። ዋና የተማርኩት እዚህ አሜሪካ፣ በ38 ዓመቴ፣ የስድስት ዓመት ሕፃናት በሚማሩበት ፑል ነው። ሕፃናቱ እየቀደሙኝ ያልፉ ነበር።

ከዓመት በኋላ 750 ሜትሩን ሳልቆም መዋኘት ቻልኩ። ተመዘገብኩ። ውድድሩ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሐይቅ ላይ ነበር።

ፑል ውስጥ ወለሉ ላይ መስመር አለ። እሱን እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ሲደክማችሁ ግድግዳውን ትይዛላችሁ። ሐይቁ ውስጥ ጭንቅላቴን ስነክር የገዛ እጄን አላየሁትም። ሻይ ውስጥ እንደመዋኘት ነው። የተከራየሁት ዌትሱት፣ ማለት የዋና ላስቲክ ልብስ፣ ጠቦኝ አንገቴን ይዞኛል። ፊሽካ ተነፋ። አንዱ በክርኑ መነጽሬን አጠመመው፣ ሌላው እግሬ ላይ ወጣ። ቀዝቃዛው ውኃ ፊቴን ሲነካው ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ገና መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። ማራቶን ሮጬ ልቤ እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

አጠገቤ ካያክ በምትባል ትንሽ ጀልባ ላይ የነፍስ አድን ሥራ የምትሠራ ወጣት ልጅ ነበረች። «ያዝ!» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ካያኩን ከነካሁ ከውድድር የምባረር መስሎኝ! ሰውዬው ሊሰምጥ ነው፣ ሐሳቡ ሜዳሊያው ላይ ነው። ደንቡን አላነበብኩትም ነበር። በዚህ አገር የአማተር ውድድር ደንብ ካያክ ወይም ቡይ (መንገዱን የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ምልክት) ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል፤ ይዞ ወደ ፊት መሄድ ነው የተከለከለው። ልጅቷ ሁለተኛ ስትጮህብኝ ያዝኩ። ወደ ዳር መለሱኝ።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ቤት ስገባ «እንዴት ነበር?» ተባልኩ። «ጎማ ፈነዳብኝ» አልኩ። ይህን ውሸት የማወጣው ገና ዛሬ ነው። ባለቤቴ እዚያ ተቀምጣለች፤ ፊቷን እያየሁት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1985 እስከ 2016 በትራያትሎን የሞቱትንና ልባቸው በድንገት የቆመባቸውን ሰዎች ቆጥሯል። 135 ናቸው። ከእነዚህ 90ዎቹ አደጋው የደረሰባቸው በዋናው ላይ ነው። በሩጫው ላይ 15 ናቸው። በጊዜ ሲለካ ዋናው ከሦስቱ አጭሩ መሆኑን አትርሱ።

አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በአማካይ ከ100,000 ተወዳዳሪ ሁለት አይሞላም። ግን አማካይ ይሸፍናል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ ከ100,000 ወደ 19 ይጠጋል። ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም፤ ማለቴም ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አስከሬናቸው ከተመረመረ 61 ሰዎች መካከል 27ቱ የልብና የደም ሥር ችግር ተገኝቶባቸዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሳይታሰብ ሲነካን ሰውነት ይደነግጣል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይወጣል። በዚያ ላይ መገፋፋቱ፣ ፍርሃቱ። ጤነኛ ልብ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። የታመመ ልብ ላይችለው ይችላል።

እኛ ደግሞ ሐኪም ቤት የምንሄደው ስንወድቅ ነው። «ምንም አይለኝም» እንላለን። አባቱ በድንገት ያረፈበት ሰው እንኳ ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። እባካችሁ፣ ከአርባ በላይ የሆናችሁ፣ በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም ያለ፣ ስትሮጡ ደረታችሁን ያዝ የሚያደርጋችሁ፣ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፣ ከብስክሌቱ ግዢ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ውኃ ውስጥ ሆናችሁ ያልለመዳችሁት የትንፋሽ እጥረትና ሳል ከመጣ፣ በተለይ አክታው ሮዝ አረፋ ከሆነ፣ ውኃ ትን ብሎኝ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። እጅ አውጡ፣ ውጡ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ብስክሌቱን ቶሎ ልለፈው። ውድ ነው፤ ተበደሩ። ሄልሜታችሁን ሳትቆልፉ ብስክሌቱን ከማቆሚያው ብታነሱ ትቀጣላችሁ። ጫማ የሚቆለፍበትን ፔዳል መጀመሪያ ሣር ላይ ተለማመዱበት። እኔ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እግሬን ማውጣት አቅቶኝ፣ እንደተቆረጠ ዛፍ በቁሜ ወድቄአለሁ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አይቶኛል።

ወደ ሩጫው ስንደርስ ጉዱ ሌላ ነው። ከብስክሌት ስትወርዱ እግራችሁ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ያንን ለምደነው እንሄዳለን። የእኛ ችግር ማሳደድ ነው። በዋናውም በብስክሌቱም ሲያልፉን የዋሉትን ሁሉ አሁን እንበላቸዋለን ብለን እንነሳለን። ሰዓቱ ረፋድ ነው፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ሰውነት ከአንድ ሰዓት በላይ ሠርቷል። እዚህ ላይ ነው ሙቀት የሚጥለን። በተቃራኒው ደግሞ ያገኙትን ውኃ ሁሉ የሚጠጡ አሉ። ያም በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሊገድል ይችላል። ሲጠማችሁ ጠጡ።

የጾም ነገር ላንሳ፤ ሹክ ስትሉ ሰምቻለሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦገስት 7። የውድድር ወቅት መሀል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ቆይቶ በዚያ ሙቀት መወዳደር አይሆንም። የምጾም ነኝ፣ ስለዚህ ከጾም ውጭ የሚውል ውድድር ነው የምመርጠው። የንስሐ አባቴን ከማስጨነቅ ይቀላል።

አንድ ታዋቂ ምስል አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃዋይ ላይ ጁሊ ሞስ የምትባል ተማሪ አይረንማኑን እየመራች መጨረሻው ሊታያት ሲል ወደቀች። ተነሳች፣ ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አለፈቻት። ጁሊ በእጇና በጉልበቷ ዳኸች፣ ሁለተኛ ሆና መስመሩን ነካች። ቴሌቪዥን አሳየው፤ ስፖርቱም በዚያ ታወቀ። ብዙ ሰው ሲያየው ያለቅሳል። ጽናቷን አከብራለሁ። ግን ያ ምስል ጀማሪ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ አልወደውም። መሬት ላይ መዳህ ይቻላል። ውኃ ላይ አይዳህም። ልክ ያ ዓይነት እልህ ነው እኔን ካያክ እንዳልይዝ ያደረገኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ጨረስኩት፤ ከመጨረሻ አራተኛ። በፍጥነት ምንም አልተሻሻልኩም። ያደረግኩት ነገር የዚህ አገር ብርድ ካለፈ ጀምሮ በየሳምንቱ ከሰው ጋር ሐይቅ ውስጥ መግባት ነበር። ከመነሻው ፊሽካ በፊት ገብቼ ፊቴን ለውኃው አስለመድኩ። ከኋላና ከዳር ሆኜ ተነሳሁ። ሁለቴ በጀርባዬ ተንሳፍፌ አረፍኩ።

ስለዚህ ሰባታችሁም ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ጋ እንገናኝ። ስድስት ሰዓት ስል የፈረንጁን ነው፤ ቀትር ላይ እንዳትመጡብኝ። ዋናው የተፈቀደበት፣ ነፍስ አድን ያለበት ጥግ ነው የምንገባው። ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ አምጡ። የምትጎትቱትን ተንሳፋፊ እኔ አመጣለሁ። ደግሞ እያንዳንዳችሁ ከቤት አንድ የማይዋኝ ሰው ይዛችሁ ኑ። ዳር ቆሞ ስንገባ ስንት እንደሆንን፣ ስንወጣም ስንት እንደሆንን የሚቆጥር። ቡናውን ባለቤቴ ታፈላለች፤ ማለት ስለ ጎማው ይቅር ካለችኝ።

አመሰግናለሁ።